ድሪቶዬን ይዤ እመጣለሁ

ውድ ወንድሜ ባስትያን፣

«እትዬ፣ ለልጄ ለፍሎሪና ሠርግ ያንን ድሪቶሽን ይዘሽ እንዳትመጪ። አማቾቼ የባንጋሎር ከተሜዎች ናቸው። እኔ ከሱቅ ብርድ ልብስ እገዛና አንቺ ሰጠሽ እንላለን» ብለህ ስልኩን ዘጋህ። እሺ አላልኩህም፤ መልሴ ይኸው።

ስንቱን ሙያ ስሞክር እንደኖርኩ ታውቃለህ። ቅርጫት ልሥራ ስል ቀርከሃው ጣቴን በላው። ሸክላ ሞከርኩ፤ ድስቶቼ እሳት ላይ እየፈነዱ የመንደሩ መሳቂያ ሆንኩ። ጥልፍ ስማር ደግሞ መምህሯ፣ «አንቺ፣ ይሄ አበባ ነው ወይስ ሸረሪት?» ብላ ሴቱን ሁሉ አሳቀችብኝ። አንተም ቤት ውስጥ «እትዬ ሸረሪት» ትለኝ ነበር። አብሬህ ስስቅ አንጀቴ ያርር ነበር።

እማዬን የቀበርን ዕለት፣ «አሮጌ ልብሷን አቃጥዪው» ብለኸኝ ወደ ሥራህ ተመለስክ። እሳቱን አያይዤ ሳሪዋን ልጥል ስል ጎረቤታችን እማማ ካቱምቢ ከእጄ መነጨቁኝ።

«አብደሻል? የእናትሽን ላብ ታቃጥያለሽ? ነይ፣ ቁጭ በይ!»

ልብሱን ቀደው መርፌ አስያዙኝ። ካዋንዲ፣ ይኸው አንተ ድሪቶ የምትለው፣ ከዳር ተጀምሮ እየዞረ ወደ መሃል ይሰፋል። ስፌቴ ሲጣመም አፍሬ ልፈታው ስል እጄን መታ አደረጉኝ።

«ተዪው! መንገድም ይጣመማል፤ ሰው ግን ቤቱ ይገባል።»

እያለቀስኩ ሰፋሁ። ክረምቱ ሲወጣ መሃሉን ዘጋሁት። በዕድሜዬ ጀምሬ የጨረስኩት የመጀመሪያው ነገር እሱ ነው። ሌላ ሙያ ዳግመኛ አላማረኝም። ዛሬ ከማዶ መንደር ሳይቀር የሟቾቻቸውን ልብስ ተሸክመው፣ «ሮዛሊን ካልሰፋችው አይሆንም» እያሉ ደጄን ያንኳኳሉ።

የፍሎሪና ካዋንዲ አልቋል። የእማዬ አረንጓዴ ሳሪ አለበት፤ ያንተም የተማሪ ቤት ሸሚዝ አለበት። በእሱ ስታፍር ባደግህበት ነገር እያፈርህ መሆኑን እወቅ። የሱቁን ብርድ ልብስ በራስህ ስም ስጥ፤ ስሜን ባልሠራሁት ነገር ላይ አትለጥፍብኝ።

ቅዳሜ በጠዋቱ አውቶቡስ እመጣለሁ። በእንግዳው ሁሉ ፊት በሙሽራዋ ጉልበት ላይ እዘረጋዋለሁ። አማቾችህ «ይህን የሠራው ማነው?» ሲሉ አንተ ብትፈልግ አንገትህን ድፋ። እኔ ብድግ ብዬ «እኔ ነኝ» እላለሁ።

ታላቅ እህትህ፣
ድሪቶ ሰፊዋ ሮዛሊን