ለእናቴ የትኛውን ውኃ ልስጣት?

ለክቡር የውኃና ፍሳሽ መሥሪያ ቤት ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎና ለመላው ቤተሰብዎ ሙሉ ጤና፣ በተለይም ለአንጀትዎ ፍጹም ሰላም ከልብ እመኛለሁ። እኔ በአንድ ማተሚያ ቤት መጽሐፍ በመጠረዝ ሃያ ስድስት ዓመት የሠራሁ፣ ከባለቤቴ፣ ከሴት ልጄና ሰባ ስምንት ዓመት ከሞላት እናቴ ጋር ሦስተኛ ፎቅ ላይ የምኖር ደንበኛዎ ነኝ። የክቡርነትዎን ውድ ጊዜ ለመሻማት የደፈርኩት፣ መሥሪያ ቤትዎ ባለፉት አምስት ወራት ለቤቴ የዋለውን ውለታ በዝምታ ማለፍ ምስጋና ቢስነት መስሎ ስለታየኝ ነው። ውለታው ብዙ ስለሆነ አንዱንም እንዳልዘነጋ ቁጥር ሰጥቼዋለሁ።

1. በቅድሚያ መንገዳችንን ስለቆፈሩልን አመሰግናለሁ። ሠራተኞችዎ አዲስ መስመር ሊዘረጉ መጥተው፣ የውኃውንም የፍሳሹንም ቱቦ ጎን ለጎን ገልጠው ሦስት ሳምንት ፀሐይ ካሞቁት በኋላ፣ አፈሩን መልሰው አስፋልቱን ለሌላ ጊዜ አሳድረው ሄዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቧንቧችን ጠዋት ጠዋት ቀጭን ሻይ የመሰለ ነገር ያወርድልን ጀመር፤ ከሳምንት በኋላ ቀለሙ ሲጠራ ሽታው ግን አብሮን ከረመ። ስናመለክት በየደጃችን የተለጠፈልን ማስታወቂያ፣ የታየው የቀለም ለውጥ ወደ መስመሩ በገባ አየር ምክንያት የመጣ ስለሆነ ኅብረተሰቡ ሳይረበሽ እንዲጠቀም ያሳስብ ነበር። አየር ቡናማ መሆኑን በዚህ ዕድሜዬ ስላስተማሩኝ ባለውለታዬ ነዎት።

2. ሁለተኛው ምስጋናዬ ቤተሰቤን በሦስት ስለከፋፈሉልኝ ነው። ቀድሞ አራታችንም ከአንድ ቧንቧ የምንጠጣ ሰዎች ነበርን። ከማስታወቂያው በኋላ ልጄ የታሸገ ካልሆነ በአፌ አይዞርም ብላ ጠርሙስ በቦርሳዋ ይዛ መግባት፣ ባዶውንም ከአልጋዋ ሥር መደርደር ጀመረች። ባለቤቴ የታሸገው ለአራት ሰው በየቀኑ እንደማያዛልቅ አይታ፣ ሁለት ባልዲ የተደራረበበት፣ በመሐሉ ነጭ ሸክላ ያለው ማጣሪያ ገዝታ ከምድጃው አጠገብ አቆመች። እናቴ ግን ከሁለቱም ወገን አልሆነችም።

ስለ እናቴ ትንሽ እንድናገር ይፍቀዱልኝ። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በክቡርነትዎ መሥሪያ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ቱቦ ዘርጊ ነበር፤ የእኛን ሰፈር መስመር የቀበሩት እሱና ጓደኞቹ ናቸው። ውኃ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤታችን የገባ ቀን እናቴ ቧንቧውን ከፍታ፣ እጇን ከሥሩ ይዛ፣ ጣቶቿ እስኪደነዝዙ ቆማ እንደነበር ዛሬም ትተርካለች። ስለዚህ ማጣሪያው ሲመጣ አንዴ ገልመጥ አደረገችውና፣ «ባሌ በላቡ ያስገባልኝን ውኃ ተጠራጥሬ በባልዲ ላጥልል እንዴ? እኔ የቧንቧዬን ነው የምጠጣው» አለች። የልጄን ጠርሙስ ደግሞ እንደ መጫወቻ አገላብጣ አይታ ሳቀችበት።

3. ሦስተኛ፣ በሃምሳ ሦስት ዓመቴ ውሸታም ስላደረጉኝ አመሰግናለሁ። እናቴ የምትቀመጠው ከወጥ ቤቱ በር ፊት ለፊት ነው፤ ዓይኗ ቢደክምም ጆሮዋ ሹል ነው። እኔም ውኃ ስትጠይቀኝ ቧንቧውን ከፈት አድርጌ ለጥቂት ጊዜ እለቀውና፣ ድምፁን ካሰማኋት በኋላ ብርጭቆውን ከማጣሪያው ሞልቼ አቀርብላት ጀመር። እሷም ጠጥታ ስትጨርስ «አየህ፣ የአባትህ ውኃ እኮ ነው» ትለኛለች፤ እኔም «አዎ፣ እማዬ» እላታለሁ። ይህን ሁለት ወር ሠራሁት። የመጀመሪያው ቀን ብርጭቆው ከባልዲው ጋር ተጋጭቶብኝ ነበር፤ በኋላ ግን ከመልመዴ የተነሣ እያፏጨሁ እሠራው ነበር።

እዚህ ላይ ቁጥር መስጠቱን ለማቆም እገደዳለሁ፤ የሚቀጥለውን በስንተኛ ተራ እንደማሰፍረው ስለማላውቅ ክቡርነትዎ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

አንድ እሑድ እናቴ ከማለዳው ጀምሮ ሲያስመልሳትና ሲያስቀምጣት ዋለ። ከቀትር በኋላ ከንፈሯ ደርቆ፣ ዓይኗ ጎድጉዶ፣ ስጠራትም አሻግራ የምታየኝ ሆነች። ከባለቤቴ ጋር ተጋግዘን ሦስቱን ፎቅ ተሸክመን ስናወርዳት እንደዚያ ቅልል ማለቷ አስደነገጠኝ። ሆስፒታል ደርሰን ግሉኮስ ከተሰካላት በኋላ ወጣቷ ሐኪም የምትጠጣው ውኃ ከየት እንደሆነ ጠየቀችኝ። እናቴ ዓይኗን ገልጣ ቀደመችኝ፦ «ከቧንቧ ነው፣ ልጄ። ሌላ አልጠጣም።» ሐኪሟም ልትጽፍ ብዕሯን ወረቀቷ ላይ አሳረፈች።

ክቡር ሆይ፣ በዚያች ቅጽበት ዝም ማለት እንዴት እንዳማረኝ ከክቡርነትዎ የተሻለ የሚረዳኝ የለም። ነገር ግን የተሳሳተ ነገር ተጽፎ የተሳሳተ መድኃኒት እንዳይታዘዝላት ፈራሁና፣ «ከማጣሪያ ነው። ሁለት ወር ሆናት። እሷ አታውቅም» አልኩ። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ እጇን ልይዝ ስልም ከብርድ ልብሱ ሥር አስገባችው።

በማግሥቱ የሆስፒታሉ የላቦራቶሪ ባለሙያ በነገሩን መሠረት ከቧንቧው፣ ከማጣሪያውና ከልጄ ጠርሙስ ናሙና ወሰድንላቸው። ከታሸገው ምንም አልተገኘም። የቧንቧው ፍሳሽ እንደተቀላቀለበት የሚያሳይ ጀርም ተገኘበት። የማጣሪያው ግን ከቧንቧው ይብስ ነበር። ባለቤቴ ሸክላውን ፈትታ በመስኮቱ ብርሃን ስታየው ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ከላይ እስከ ታች ወርዶበታል፤ ለካ ከቧንቧው የመጣው ቆሻሻ ሁሉ በዚያ አልፎ በታችኛው ባልዲ ተመችቶት ሲራባ ከርሟል። እናቴን ከቧንቧዎ አድናለሁ ብዬ የባሰውን በገዛ እጄ አጠጥቻታለሁ። ይህን ክቡርነትዎ ባይነግሩኝም አውቀው ነበር።

ይሁንና ነገሩኝ። የምርመራውን ውጤት አያይዤ ላቀረብኩት አቤቱታ በዘጠኝ ቀን ውስጥ፣ በአንድ ማኅተምና በሁለት ፊርማ፣ ሕመሙ በደንበኛው የግል ማጣሪያ ጉድለት የመጣ በመሆኑ መሥሪያ ቤቱን እንደማይመለከት የሚገልጽ መልስ ደረሰኝ። የአስፋልታችን ጥያቄ አምስተኛ ወሩን መያዙን ስለማውቅ ፍጥነትዎን ሳላደንቅ አላልፍም። መልሱን ይዤ ስወጣ ከሠራተኞችዎ አንዷ ግራ ቀኝ አይታ ጠጋ አለችኝና፣ «ጋሼ፣ አፍልተው ይስጧቸው። እኛም ቤት እንደዚያ ነው የምናደርገው» አለችኝ። በየትኛው ክፍል እንደምትሠራ አልጠቅስም፤ የክቡርነትዎ ውለታ እሷም ዘንድ እንዳይደርስ ስለሳሳሁላት ነው። እኛም ያለችንን አደረግን፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ትልቁ ድስት ከምድጃ ወርዶ አያውቅም።

ከሳምንት በኋላ ማተሚያ ቤታችን ለመሥሪያ ቤትዎ የጠረዘው የዓመቱ የሥራ ሪፖርት፣ ርእሱ በወርቅ ቀለም የተመታበት አርባ ቅጂ፣ ከቢሮዎ ተመልሶ መጣ። ትእዛዙ አጭር ነበር፦ ከገጽ 61 እስከ 64 ያለው ወጥቶ ሽፋኑ እንደገና ይልበስ። ጠራዥ የሚጠርዘውን አያነብም፤ ቢያነብ ሥራው አያልቅለትም። እኔም ሳላነብ ከስድስቱ ቅጂ ቆርጬ አወጣሁ። ሰባተኛው ላይ ግን ዓይኔ በሰንጠረዡ ውስጥ የመንገዳችንን ስም ለቀመ። የራስዎ ባለሙያዎች የእኛን ውኃ መርምረው፣ ፍሳሽ እንደተቀላቀለበትና ለመጠጥ እንደማይመከር ጽፈዋል። ቀኑን በጣቴ ቆጠርኩ። እናቴ ከመታመሟ አሥራ ዘጠኝ ቀን በፊት ነው።

አለቃዬ ከበላዬ ቆሞ ነበር። «ምን ታፈጥበታለህ? ቶሎ በል እንጂ፣ መኪናው እየጠበቀ ነው» አለኝ። ጀግና ሆኜ ቢሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ ስጽፍ እንዴት ደስ ባለኝ! አልሆንኩም። ከቀሩትም ቅጂዎች ቆርጬ አወጣሁ፤ ጀርባቸውን ኮላ ቀብቼ ሽፋናቸውን መለስኩላቸው። አሳምሬ መሥራት ስለለመደብኝ ሲታዩ ምንም የጎደላቸው አይመስልም። ከተቆረጠው ውስጥ የአንዱን ቅጂ ሁለት ቅጠል፣ ማለትም አራቱን ገጽ፣ ብቻ አጥፌ ከሽርጤ ኪስ ከተትኩ፤ ያ ሁሉ ጀግንነቴ ይኸው ነው።

እናቴ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከሆስፒታል ወጥታ ነበር፤ ቤት ከገባች ወዲህ ግን ከእኔ ጋር ከ«እሺ» እና ከ«አይሆንም» በቀር አትነጋገርም። ቅጠሎቹን ይዤ የመጣሁ ዕለት አጠገቧ ተቀመጥኩና፣ ማንበብ ስለማትችል፣ ጣቴን በመንገዳችን ስም ላይ አድርጌ ቃል በቃል አነበብኩላት። ቀኑን ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ።

«ያውቁ ነበር?» አለችኝ።

«ያውቁ ነበር፣ እማዬ።»

«አንተስ፣ ስትሸውደኝ፣ ሸክላው መሰንጠቁን ታውቅ ነበር?»

«አላውቅም ነበር።»

ከዚያ ሠላሳ አንድ ዓመት የመሥሪያ ቤትዎን ስም በክፉ አንሥታ የማታውቀው እናቴ እንዲህ አለች፦ «አባትህ ቱቦ የፈነዳ ቀን ጭቃውን ከእግሩ ሳያጥብ በየቤቱ እየዞረ፣ ‹እኔ ጠጡ እስክላችሁ እንዳትጠጡ› ይል ነበር። ሰው ይስቅበት ነበር። አለቃውም ‹ሰው ታሸብራለህ› ብሎ ተቆጥቶታል። እሱ ግን ይዞር ነበር።» ይህን ብላ እግሯን ከአልጋው አወረደችና ጫማዋን እንዳቀብላት አዘዘችኝ።

ሐኪሟ ዕረፍት ማዘዟን ባስታውሳት አልሰማችኝም። ክንዴን ይዛ፣ በየደረጃው እያረፈች፣ ከሦስተኛ ፎቅ እስከ ምድር ቤት የአሥራ አንድ ቤት በር አንኳኳች። በር በተከፈተ ቁጥር የምትናገረው አንድ ነገር ነበር፦ «የቧንቧው ውኃ ፍሳሽ ገብቶበታል። አፍልታችሁ ጠጡ። እኔ ይህን መስመር የዘረጋው ሰውዬ ሚስት ነኝ።» በአራተኛው በር ሕፃን ታቅፋ የወጣችው ጎረቤታችን የያዘችውን ጡጦ ቁልቁል አየችው፤ ከዚያ ወደ ውስጥ ገባች፤ ከበሩ ላይ ቆመን ወተቱ ወደ መታጠቢያው ሲደፋ ሰማን። መጨረሻው በር ላይ እናቴ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። እኔ በቃ ያበቃ መስሎኝ ልሸከማት ጎንበስ ስል፣ ትንፋሿን እየሰበሰበች፣ «ነገ ማዶ ያሉት ሕንፃዎች ናቸው» አለችኝ።

በማግሥቱ የማዶዎቹን ጨረስን። ነገር ግን፣ ክቡር ሆይ፣ በሰንጠረዡ ውስጥ ከእኛ ሌላ አሥራ ሦስት መንገዶች አሉ። የእናቴ ጉልበት እዚያ ድረስ አይወስዳትም፤ የክቡርነትዎ መኪኖች ደግሞ ሪፖርት በማመላለስ እንደተጠመዱ በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ ሸክምዎን ላቃልል ብዬ ሁለቱን ቅጠሎች ከዚህ ደብዳቤ ጋር በጋዜጣ እንዲወጡ ሰጥቻለሁ። ከነገ ጀምሮ እኔ ጠራዥ እንደማልሆን ይገባኛል፤ ባለቤቴም ይገባታል፤ ተነጋግረንበታል።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ጠንካራ ወንበርና ጥልቅ እንቅልፍ እየተመኘሁ፣ በመስመርዎ ጫፍ ላይ ያለሁ፣ ወደድኩም ጠላሁም ከእርስዎ ሌላ ውኃ የሚያመጣልኝ የሌለ፣

እጅግ ታዛዥ ደንበኛዎ፣
የቱቦ ዘርጊው ልጅ

ማሳሰቢያ፦ በስፌት በተጠረዘ መጽሐፍ ውስጥ እያንዳንዱ ቅጠል ከሌላ ቅጠል ጋር አንድ ወረቀት ስለሆነ፣ አንዱ ሲቆረጥ ተጓዳኙ በኮላ ብቻ ተንጠልጥሎ ይቀራል። በሪፖርትዎ የገጽ 63 ተጓዳኝ ገጽ 49 ነው፤ ክቡርነትዎ ስለ ውኃ ጥራት ዋንጫ ሲቀበሉ የሚያሳየው ፎቶግራፍ ያለበት። ለእንግዶችዎ ሲገልጡት ቀስ ብለው ይሁን፤ እሱም ሊወድቅ ነው።