ሦስት ሲኒማና የአባትሽ ዓይን

ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ሐምሌ 22 ቀን 1975 ዓ.ም.

ውድ ልጄ መሠረት፣

እንዴት ከረምሽ? የአሰላ ብርድ እንዴት ይዞሻል? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ካልኩ ደህና ነኝ፤ በየደብዳቤው ደግመሽ ደጋግመሽ አትጠይቂኝ። ይህን የጻፍኩት ራሴ ነኝ፤ ጎረቤቴ ገብረማርያም አልጻፈልኝም። በዚህ ዕድሜዬ መሠረተ ትምህርት ገብቼ የምስክር ወረቀት የተቀበልኩት የልጄን ጉዳይ ጎረቤት እንዲጽፍልኝ አይደለም። ደግሞ ፊደሉ ለምን ተለቀ ብለሽ ነገር እንዳትፈልጊ። ጥፋቱ የወረቀቱ ነው። የዘንድሮ ወረቀት መስመሩ ፈዛዛ ስለሆነ በአናጢ እርሳሴ እንደገና አሰመርኩት። ጣውላ ሲያሰምር የኖረ እጅ ወረቀት አያቅተውም።

የፋሲካ ሰሞን መጥተሽ ያደረግሽኝን አልረሳሁም። ሲኒማ ልጋብዝዎ ብለሽ ወሰድሽኝ። ፊልሙ እንደ ጀመረ ስዕሉ ደበዘዘና እንደ ወጉ አፏጨሁ። «ኦፕሬተር! ፎከስ!» አልኩ። የከፈለ ሰው መብቱ ነው። እናትሽ ፀዳለ በሕይወት ሳለች እኔ ሳፏጭ እሷ ታጨበጭብልኝ ነበር። አንቺ ግን ክንዴን ያዝ አደረግሽና «አባባ፣ ስዕሉ እኮ ደህና ነው» አልሽኝ። ቤት እንደ ገባን ባትሪ አብርተሽ የዓይኔን ቆብ ገለጥሽ፤ በግ ገዢ የበግ ጥርስ እንደሚያይ። «ሞራ ነው፤ ሁለቱም ላይ አለ። ሆስፒታል ገብተው ይገፈፍልዎታል» አልሽ። ይገፈፋል! የእኔን ዓይን የወተት ስልባቦት አደረግሽው። ጤና ረዳት ሆነሽ የተማርሽው አባትሽን እንዲህ ልታደርጊው ነው?

እኔም ጥፋቱ የሲኒማው ነው አልኩ። አንቺም ሳቅሽ። ያን ቀን የተስማማነውን ልድገምልሽ፣ ኋላ እንዳንካካድ። ፊልም ከሲኒማ ወደ ሲኒማ ይዞራል፤ ትልቁ ሲኒማ ሲጠግበው ለሁለተኛው ይለቀዋል፣ እሱም ለሦስተኛው። እኔ ያንኑ የህንድ ፊልም በሦስቱም ልመለከተው፤ በፊልሙ መካከል የሚመጣው ባቡር ግንባር ላይ የተጻፈውን አራት አኃዝ ላነበው። በአንዱ ሲኒማ እንኳ አንብቤ ከጻፍኩልሽ የያዝሽልኝን የሆስፒታል ቀጠሮ ልትሰርዢ፤ ካልሆነ ነሐሴ 11 ቀን ያለ ሰበብ ሆስፒታል ልገባ። እጅ መታን። እኔማ ደስ ብሎኝ ነበር። አኃዝ ጥርሴን የነቀልኩበት ነገር ነው፤ አርባ ዓመት በአናጢነት ሜትር ሳነብ ነው የኖርኩት።

እንግዲህ ስሚ። በዚህ ከተማ ሲኒማ የማውቀውን ያህል የሚያውቅ ሰው ይምጣና ይከራከረኝ። የሦስቱንም ወንበር የጠገንኩት እኔ ነኝ። ስማቸውን ግን አልጽፍም፤ ደብዳቤ በስንት እጅ እንደሚያልፍ ታውቂያለሽ።

የመጀመሪያው ባለ ቀይ ወንበሩ ነው፤ አንቺና እኔ የሄድንበት። ሰኔ መግቢያ ላይ ብቻዬን ተመልሼ ሄድኩ። ሸራው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አሥራ ስድስት እርምጃ ነው፤ ወንበር ስጠግን ለክቼዋለሁ። ስድስተኛው ረድፍ መሃል ላይ ተቀመጥኩ። ድምፁ ድምፅ ነው፣ አልዋሽም። ፈረሱ ከግራ ሲመጣ ኮቴው ከግራ ይሰማል፤ ወደ ቀኝ ሲያልፍ አብሮት ያልፋል። ግን ወፍራም ድምፅ ሲመጣ የኋላው ግድግዳ ይመልሰዋል፤ ከበሮው ሁለት ጊዜ ይመታል። ስዕሉ? ስዕሉ የሻይ እንፋሎት የነካው መስታወት ነው። ባቡሩ መጣ። ግንባሩ ላይ ነጭ ነገር አለ፤ አኃዝ ይሁን የእርግብ ኩስ አልለየሁትም። አፏጨሁ። አጠገቤ የተቀመጠች ሴትዮ «አባቴ፣ በእናትዎ፣ ዘፈኑን ልስማበት» አለችኝ። ዘፈን ትሰማለች፤ ለከፈለችበት ስዕል ግን አትከራከርም። ሕዝባችን እንዲህ ሆነ።

ሁለተኛው ባለ ሰገነቱ ነው። እዚያ ከሰገነቱ ሥር ከተቀመጥሽ የተዋናዩ ድምፅ ጋን ውስጥ የወደቀ ሰው ድምፅ ይሆናል። ላይ ከወጣሽ ግን የዘፋኟ ትንፋሽ ሳይቀር ይሰማል። ይህን ማንም አያውቅም፤ ሁሉም ታች ይጋፋል። እኔ ላይ ወጣሁ። ስዕሉ ከመጀመሪያውም ባሰ። በየመብራቱ ዙሪያ ክብ ነገር አለ፣ ጨረቃ እንደምትከበበው። ባቡሩ መጥቶ ሄደ፤ ነጩ ነገር ነጭ ነገር እንደሆነ ቀረ። ስወጣ ትኬት ተቀባዩን ያዝኩት።

«ሸራችሁን እጠቡ እንጂ!»

«ጋሼ፣ አዲስ እኮ ነው። ባለፈው ወር ነው የተሰቀለው።»

«እንግዲያው ከነአቧራው ነዋ የሰቀላችሁት!»

ሳቀብኝ። እኔም ዘነበ አልዘነበ ብዬ ሳልጨነቅ እስከ ቤቴ ዳገቱን በእግሬ ወጣሁት፤ እንዲህ ስናደድ አውቶቡስ አልወድም።

ሦስተኛው ባለ ቆርቆሮ ጣሪያው ነው፤ የጀይላን ሲኒማ። ጀይላንን ታውቂዋለሽ፤ ልጅ ሆነሽ ከረሜላ ይሰጥሽ የነበረው የጉርድ ሾላው ኦፕሬተር ነው። ተስፋዬ ሁሉ እሱ ላይ ነበር። ባለፈው እሑድ ከቀበሌ ስብሰባ ወጥቼ በቀጥታ የዘጠኝ ሰዓቱን ፊልም ልይ ብዬ ሄድኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታው ድምፁን ዋጠው፤ ዘፋኟ አፏን ብቻ ትከፍታለች። ዝናቡ ሲያባራ ግን፣ ልጄ፣ ከሦስቱም የሚበልጠው ድምፅ እዚያ ነው። ግድግዳው ጣውላ ስለሆነ ነው። ጣውላ ድምፅን ይቀበለዋል፤ ግንብ ግን ይመልሰዋል። ያን ጣውላ የመታሁት እኔ ነኝ፤ ስለመታሁት ግን አይደለም የምመሰክርለት።

ስዕሉ ደበዘዘ። እዚህም! ማፏጨት ሰለቸኝና ተነስቼ በደረጃው ወደ ካቢናው ወጣሁ። ጀይላን ከማሽኑ አጠገብ ቆሞ አገኘሁት።

«ጋሽ ወንድይራድ! ዛሬ ፉጨትዎን በአካል ይዘውት መጡ?»

«ከሃያ ዓመት በኋላ ሥራህን ረሳህ ወይ? ባቡሩ ሊደርስ ነው፣ ስዕሉን አጥራልኝ።»

በትንሿ መስኮት ወደ ሸራው ተመለከተ። «ጥርት ብሏል እኮ።»

«ለማን?»

 ስምምነታችንን ነግሬው ስለነበር ቀስ ብሎ «ቁጥሩን ልንገርዎ? በቀን ሦስት ጊዜ ነው የማየው» አለኝ።

«አፍህን ዝጋ! ልጄን አልዋሻትም።»

«ታዲያ ምን ላድርግልዎ?»

«ዞር በል። እኔው አስተካክለዋለሁ።»

እምቢ ይለኛል ብዬ ነበር። ዞር አለልኝ። የማሽኑን መስታወት የሚያቀርብና የሚያርቅ ቀለበት አለ፤ እሱን ያዝኩና ዓይኔን በመስኮቷ ላይ ተከልኩ። ባቡሩ መጣ። ትንሽ አዞርኩት፤ ነጩ ነገር ወፈር አለልኝ። አሃ፣ ያዝኩሽ አልኩ! ትንሽ ጨመርኩ። ይኸኔ ከታች ፉጨት ተነሳ። መጀመሪያ አንድ ሰው፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ። መሬቱን በእግራቸው ደበደቡት።

«ኦፕሬተር! ተኝተሃል?»

«ፎከስ! ፎከስ!»

«ኧረ ዓይን ያለው ሰው አስቀምጡልን!»

 ጀይላን እጁን በእጄ ላይ አድርጎ ቀለበቱን ወደ ነበረበት መለሰው። ፉጨቱ በአንዴ ጸጥ አለ። ያ ሁሉ ሰው በአንድ ጊዜ ዝም ሲል ስዕሉ ጠርቶለታል ማለት ነው። እኔ በዚያችው መስኮት እያየሁ ነበር። ለእኔ ምንም አልተለወጠም።

ደረጃውን ስወርድ ጀይላን ክንዴን ይዞኝ ነበር። አልተቆጣሁትም። ከዚህ በላይ ምን እንድልሽ ትፈልጊያለሽ?

እሺ፣ ይህንንም ልጨምርልሽ። ድሮ ከቤቴ ደጃፍ ቆሜ የእንጦጦን ባሕር ዛፍ ግንድ ከግንድ እለይ ነበር፤ ይኼ ለምሰሶ፣ ይኼ ለማገር፣ ይኼ ለማገዶ እያልኩ። አሁን ተራራው አንድ አረንጓዴ ብርድ ልብስ ሆኗል። ለሰው ሁሉ የክረምቱ ጉም ነው እላለሁ። የፋሲካ ለትስ ጉም ነበረ ወይ ብለሽ አትጠይቂኝ።

አሁን ሌላ ነገር አለ። ከዓይኔ የባሰ ነው፤ ሦስት ዓመት ተሸክሜዋለሁ። ሆስፒታሉን እምቢ ያልኩት ለዓይኔ ፈርቼ መስሎሻል። አይደለም። እኔ አውራ ጣቴን መጋዝ በልቶት በገዛ እጄ አስሬ ሥራዬን የጨረስኩ ሰው ነኝ።

እናትሽ ሆስፒታል የገባች ቀን አልጋው ላይ እንደ ወጣች ጫማዋን አውልቃ ሰጠችኝ። «እዚህ ይጠፋብኛል፣ ያዝልኝ። አንተም ተቀመጥ» አለችኝ። እኔም «መጣሁ» ብያት ወጣሁ። የመድኃኒቱ ሽታ ነው አልኩ፤ ለራሴ እንዲያ አልኩ። ግቢው በር ላይ፣ ዛፉ ሥር፣ ጫማዋን በክንዴ ታቅፌ ቆምኩ። አሁን እገባለሁ፣ አሁን እገባለሁ ስል ውዬ ከሰዓት በኋላ አንዲት ነርስ መጥታ ጠራችኝ። ስገባ ፊቷን ሸፍነውታል።

አንቺ ከአሰላ ስትደርሺ «እጄን ይዛ ነው ያረፈችው» አልኩሽ። ለለቀስተኛውም ሁሉ እንዲያ አልኩ። ሰዉም «ታድለው፣ እጅዎን ይዛ» እያለ አጽናናኝ። እጄን አልያዘችም። ማን እንደያዛት እንኳ አላውቅም። ጫማዋ እስከ ዛሬ ከአልጋዬ ሥር ነው፤ አንቺ ለምን ለደሀ አይሰጡትም ስትይኝ የተቆጣሁሽም ለዚያ ነው።

ሦስት ዓመት ሙሉ ሽታው ነው ስል ኖርኩ። ሸራው ነው፣ ወረቀቱ ነው፣ ጉሙ ነው እንደምለው። የጀይላን ሲኒማ ሕዝብ ያን ቀን ሲያፏጭብኝ ይህንንም ያወቀብኝ መሰለኝ። ብትቆጪኝ መብትሽ ነው። በደብዳቤ ግን አይሁን፤ ስትመጪ ፊት ለፊት ተቆጪኝ።

አሁን ፍርዱን ጻፊ። በድምፅ አንደኛ ባለ ቆርቆሮው፣ ዝናብ ከሌለ። ሁለተኛ ባለ ሰገነቱ፣ ከላይ ለተቀመጠ። ሦስተኛ ባለ ቀይ ወንበሩ፤ ሸራው ቢሰፋም ከበሮን ሁለቴ የሚመታ ሲኒማ ከእኔ ዘንድ ከሦስተኛ አያልፍም። በዚህ ይግባኝ የለም፤ ጆሮዬ ደህና ነው። የስዕሉን ፍርድ ግን እንደ ቀበሌ ሸንጎ በቀጠሮ አቆይቼዋለሁ። ዓይኔ ከዳነ ሦስቱንም እንደገና እዞራቸዋለሁ፤ የባቡሩንም ቁጥር ራሴ አንብቤ እጽፍልሻለሁ። ጀይላን እንዲነግርሽ አትጠይቂው፤ ቃል አስገብቼዋለሁ።

ነሐሴ 11 ፍልሰታ ነው ብዬ አላመካኝም። ከዚያ በፊት ባለው ቀን ነይልኝ። ጫማዬን ሳወልቅ አንቺ ትይዢልኛለሽ። በር ላይ ቆመሽ አይደለም። አልጋው አጠገብ ወንበር ይኖራል፤ ቢወላገድም ግድ የለም፣ በኋላ እጠግነዋለሁ። እሱ ላይ ተቀመጪ፤ መጣሁ ብለሽም እንዳትወጪ።

አባትሽ ወንድይራድ፣
በገዛ እጁ