አባዬ የማያየው ዳጉሳ

ነሐሴ 14፣ ጠዋት
ዛሬም ከፋብሪካ የማታ ፈረቃ ወጥቼ ቤት ገባሁ፤ አባዬን ከሰፈራችን ከሳቢያን በባጃጅ ይዤ ወደ ማሳው። ዓይኑ ከጠፋ ወዲህ ዳጉሳውን የምመለከትለት እኔ ነኝ። ምን ይመስላል ይላል። ነፋስ ሲነካው እንደ ውሃ ይፈሳል እላለሁ። ፈገግታ። እንቅልፍ አጥቼ ይሁን፣ ማስታወሻዬ፣ እውነትም ሲፈስ አያለሁ።

ነሐሴ 23
ሰሞኑን ዝናብ፣ ጤዛ፣ ደመና። ድሬ ስትቀዘቅዝ የሌላ ሰው ከተማ ትመስላለች። ቅጠሉ ላይ ነጠብጣብ። ቅርጹ ዓይን፤ መሃሉ ግራጫ፣ ዳሩ ቡናማ። ለአባዬ አምሯል አልኩት። ለምን እንዳልኩ እንጃ።

ጳጉሜን 2፣ ከሰዓት
ደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ይወርዳል። ድልድዩ ላይ ቆሜ ድልድዩ ራሱ የሚሄድ መሰለኝ። ቅጠሉን በፌስታል ይዤ ግብርና መ/ቤት። ወ/ሮ ሰዓዳ የምትባል ባለሙያ አየችው። ፈንገስ ነው፣ ብላስት ይሉታል። በነፋስ ይሄዳል፣ በዘርም ይተላለፋል። የዘለላውን አንገት ከያዘ ፍሬው ገለባ ይሆናል። ከዚህ ማሳ ለዘር እንዳትይዙ አለችኝ። አባዬ ግን ለድንበርተኛችን ለሙሜ ዘር ሊሰጥ ቃል ገብቷል።
በህልሜ እነዚያ ዓይኖች ከቅጠሉ ተነስተው በየጣሪያው ላይ አረፉ። አላስፈሩኝም። ቆንጆዎች ነበሩ።

መስከረም 9
የዳጉሳው አንገት ጠቁሯል። ዘለላው ተሰብሮ ተንጠልጥሏል። ሙሜ መጣ። አባዬ እጁን ጨብጦ፣ "በእኔ ዘር ልጆችህ ይጠግባሉ፣ ኢንሻአላህ" አለው። ሙሜ ማሳውን አየ፣ ቀጥሎ እኔን። እንድናገር እየጠበቀ ነው። ዓይኔን ከእሱ መለስኩ። ሲመለስ ደግሞ አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

መስከረም 11
ለአባዬ ነገርኩት። እዚያው ማሳው መሃል።
"አባዬ፣ ዳጉሳው ታሟል። ከነሐሴ ጀምሮ አውቃለሁ።"
ከዘራውን መሬት ላይ ተከለ።
"አምሯል ስትዪኝ የነበረውስ?"
"ዋሸሁህ።"
"አቦ! ዓይኔ በመጥፋቱ አዝኜ ነበር" አለ። "አንቺም ትጠፊያለሽ ብዬ ግን አላሰብኩም።"
እጄን አልያዘም። ከጎን ማሳው ላይ የነበረው ሙሜ ነው ቤት ያደረሰው።

መስከረም 14
አያናግረኝም። ምግቡን ከእህቴ እጅ ብቻ ይቀበላል። ፋብሪካ ስፌት ላይ ሆኜ ጨርቁ ሁሉ ቅጠል ይመስለኛል።

መስከረም 16፣ ጠዋት
ከሥራ ስገባ አባዬ ከዘራውን ይዞ በር ላይ ቆሟል። "ባጃጅ ጥሪ" አለ። በቃ ይኸው። ሄድን። እየዳበሰ መንቀል ጀመረ፤ እኔ ከጎኑ። ሙሜም ሳይጠራ ገባበት። ፀሐይ እስክትበረታ ከመርነው፤ ሲደርቅ ይቃጠላል። አባዬ ለሙሜ ራሱ ነገረው፦ ዘር የለኝም፣ ከሌላ ፈልግ፣ ይቅር በለኝ። ሙሜ ትከሻውን ሳመው።
ለከርሞ ዳጉሳ የለም። ማሾ እንዘራለን፣ ወስነናል። አባዬ ሲመለስ ክንዴን ያዘ። ነገ ወደ ቀን ፈረቃ እንዲያዛውሩኝ እጠይቃለሁ፤ እንቅልፍ የጠገበ ሰው ያየውን በትክክል ይናገራል። ቆይ፣ አባዬ እየጠራኝ ነው።