ይገኝበት ብዬ የለመንኩበት ሳምንት

ሰኞ፣ ጥቅምት 3

ካንሰር ነው። ከባሌ ከጌታሁን ምላስ ሥር፣ ጉሮሮው ውስጥ። ሐኪሟ አንድ ምርመራ ይቀራል አለች፤ የተቆረጠው ናሙና አዲስ አበባ አለ። ዕጢው በቫይረስ የመጣ ከሆነ ለጨረር ቶሎ ይሸነፋል፣ የመዳን ተስፋውም ይሰፋል።

ጌታሁን «በምን ይተላለፋል?» አላት።

«በግንኙነት። ከብዙ ዓመት በፊት የተያዘም ሊሆን ይችላል።»

በር ላይ ስንደርስ «አይመርመር» አለኝ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

አጥሚቱ ግማሹ በአፍንጫው ተመለሰ። ምራቁ ላይ ደም አለ።

የገደብ ከተማን መስመር አሥራ ስምንት ዓመት በጭነት መኪና ተመላልሷል። ገደብ ማደር፣ ጨለለቅቱ ማደር። ከማን ጋር እንደሚያድር ጠይቄው አላውቅም፤ ዛሬ ጠየቅሁት።

«ልጆቼ ፊት ሴሰኛ ልታስብዪኝ ነው?» ድምፁ ሹክሹክታ ሆኗል።

«ሴሰኛ ሆነህ ብትኖርልኝስ?»

ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

እህቱ ብርቄ ከጪጩ መጣች። ገና ሳትቀመጥ ጀመረችኝ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ወንድሜ አመንዝራ ነው የሚል ወረቀት ልታወጪበት ነው አሉ?»

«አዎ። ከተቻለ ማኅተም ያለበት።»

ሳቀች። እሱም ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆኖ አስጎነበሰው። ቀና ሲል «ለሐኪሟ ደውዪና ይመርመር በያት» አለ። ደወልኩ።

ከዚያ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ይገኝበት ብዬ ለመንኩ። ባሌ ሌላ ሴት ጋር ሄዶ ይሁን ብዬ ለመንኩ። ከእኔ ይዞትም ሊሆን ይችላል፤ ከእሱ በፊት አንድ ሰው ነበር። ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ከእኔም ይሁን። ብቻ ይገኝ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

አልተገኘም።

ሐኪሟ ያመጣው ለዓመታት ያጨሰው ሲጋራ ሳይሆን አይቀርም አለች። ሕክምናው እንደሚከብድ፣ ቃል መግባት እንደማትችል ነገረችን። ውጤቱ ስለ ሰው ጠባይ ምንም አያሳይም ብላም ጨመረች። ጌታሁን ያን አልሰማም። «ሰማሽ?» አለኝ፤ ዓይኑ በርቷል። ስንወጣ ለብርቄ ራሱ ደወለላት። «ነጻ ነኝ» አላት በዚያች ድምፁ። ከወራት ወዲህ እንዲህ ቀጥ ብሎ ሲራመድ አላየሁትም። እንባዬን እንዳያይ ከኋላው ቀረሁ።

እሑድ ለጨረር አዲስ አበባ እንሳፈራለን። ልብሱን ሳጥፍ አልጋው ላይ ሆኖ «አሁንስ አመንሽኝ?» አለ።

«አመንኩህ» አልኩት።

ሸሚዞቹን ዘርግቼ ቆምኩ። ስንት እንደሚበቃው አላወቅሁም።