በስሜ የተመዘገበው ስክሪን

ሰኞ፣ ግንቦት 6 ቀን 2004

አልፈረሙልኝም። ሰባት የመልቀቂያ ፊርማ በግማሽ ቀን ለቅሜ፣ ስምንተኛው ላይ፣ ንብረት ክፍል፣ ተሰንቅሬ ቀረሁ። ጋሽ ላሚሶ ግምጃ ቤቱን ይዘው ያረጁ ሰው ናቸው፤ ሳያዩ አይፈርሙም።

በስሜ ያለው ንብረት ሦስት ነው፦ ወንበር፣ ላፕቶፕ፣ ስክሪን። ወንበሩን አገላብጠው አዩና አለፉት። ላፕቶፑ ከጉድጓድ ቁፋሮ ፕሮጀክት የተረፈው፣ አቧራም ዝናብም ውድቀትም የማይበግረው፣ ቢሮው ሁሉ “ታንኩ” የሚለው ነው። እሱንም አለፉት። ስክሪኑ ጋ ሲደርሱ የተረከብኩበትን ቅጽ፣ ሞዴሉን፣ አነበቡ፤ “ባለ 1920 በ1080” ይላል፣ የምስሉን ጥራት መለኪያ። “ቁጥሩን አሳዪኝ” አሉ። እኔ ሞኟ ከፍቼ አሳየኋቸው። 1024 በ768።

“የተረከብሽው ይኼን አይደለም” አሉ።

የተረከብኩት ይኸው ነው! ሁለት ዓመት ሙሉ ካርታ የሳልኩበት ነው። ምስሉ ወደ ጎን ስለሚለጠጥ ሐይቃችን እንደ ተኛ ዱባ ሆኖ ነው የኖረው። ያንን ቁጥር ጋሽ ላሚሶ ከካርቶኑ ላይ ነው የገለበጡት፤ ይህን እሳቸውም ያውቃሉ። “ታዲያ ያርሙታ” ብላቸው፣ “ስርዝ ድልዝ ያለበት ሞዴል ኦዲት አይቀበልም” አሉኝ።

ድሬዳዋ ያገኘሁት የሥራ ቦታ እስከ መጪው ሰኞ ሪፖርት ካላደረግኩ ለተጠባባቂው ይሰጣል። ባሌ ጌቱ እዚያ ነው። ከተጋባን ሁለት ዓመታችን፤ አብረን የኖርነው ቢደመር አራት ወር አይሞላም። መንገዱ ሁለት ቀን ይፈጃል፣ ስለዚህ ቅዳሜ መሳፈር አለብኝ። ያለ መልቀቂያ ደግሞ አይቀበሉኝም። ስክሪን አሰረኝ ተብሎ ለባል እንዴት ይነገራል?

ማክሰኞ፣ ግንቦት 7

የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ አረብ ሰፈር ያለው የቴሌቪዥን ጠጋኝ ጀማል ጋ ልወስደው ወሰንኩ። ዕቃ ከግቢ ለማስወጣት የመውጫ ወረቀት ያስፈልጋል። የሚፈርሙት ጋሽ ላሚሶ ናቸው። ይቺን ግን ወዲያው ፈረሙ። ታንኩን ታቅፌ፣ ስክሪኑን ከጎኔ አስቀምጬ በባጃጅ ሄድኩ።

ጀማል ገመዱን ነቅሎ አየና ሳቀ። “እህቴ፣ ከገመዱ ጫፍ እግሮች አንዷ ተሰብራለች። ላፕቶፑ ከማን ጋር እንደተገናኘ አያውቅም። ካላወቀ ደግሞ ትልቁን ምስል አይሰጥሽም።” ሌላ ገመድ ሰካ። የስክሪኑ ስም ለመጀመሪያ ጊዜ ወጣ! በሁለት ዓመት አንዴም አይቼው አላውቅም። ደስ ብሎኝ ልጮህ ነበር።

ቁጥሩ ግን ያው 1024። “ምስሉን የሚያዘው ፕሮግራም፣ ድራይቨሩ፣ የላፕቶፑ የራሱ አይደለም፤ የራሱን አውርጂለት” አለኝ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 8

ኢንተርኔት ቤት። መጀመሪያ ሲወርድ፣ 91 በመቶ ላይ መብራት ሄደ። ሁለተኛው፣ መስመሩ ተቋረጠ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፣ እኔ ቁጥሩ ላይ አፍጥጫለሁ። ሦስተኛው አሥር ሰዓት ላይ ወረደ። ፍላሹን ጨብጬ ቢሮ ሮጥኩ፤ ጫንኩት፤ አጥፍቼ አበራሁት።

1024 በ768።

ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ስወጣ ጌቱ ደወለ። “ምን አሉሽ?” ሲለኝ ነገ ይፈርማሉ አልኩት። ዋሸሁ። ቤት አይቶ ሊከራይ ነው፣ መስኮቱ ወደ ምሥራቅ ነው እያለ ያወራልኛል። ስልኩን ቶሎ ዘጋሁት።

ሐሙስ፣ ግንቦት 9

አስቴር ናት የፈታችው። ጠረጴዛችን ይነካካል፤ ሦስት ቀን ሙሉ ስነጫነጭ ታየኝ ነበር። ዛሬ ወንበሯን ሳበችና፣ “ሁለቱም አንድ ምስል ነው እኮ የሚያሳዩት” አለች። “የላፕቶፑ ፊት ከ1024 በላይ አይችልም። ትልቁም እሱን ካልመሰልኩ ብሎ ነው። ለምን አትለያዪያቸውም?”

አንድ ምስል ለሁለት የሚለውን ትቼ፣ ለየብቻ የሚለውን መረጥኩ። ዝርዝሩ ወደ ታች ረዘመ። መጨረሻው ላይ 1920 በ1080 አለ። ነካሁት። ስክሪኑ ጨለመ፣ መልሶ በራ። ሐይቁ ወደ ልኩ ተመለሰ። የታቦር ሰፈር መንገዶች ስም ያለ መነጽር ተነበበ። አስቴርን አቅፌ ልሰብራት ነበር።

ጋሽ ላሚሶን ጠራኋቸው። ጎንበስ ብለው አዩና፣ “ፊደሉ አነሰ” አሉ። “ድሮ ትልቅ ነበር። ቀንሰሽዋል።” ብዙ ነገር እንዲይዝ ነው የሚያንሰው ብዬ ሳስረዳ ሩብ ሰዓት ሄደ። በመጨረሻ ቁጥሩን ከሞዴሉ ጋር በእስክሪብቶ ጫፍ አንድ በአንድ አመሳከሩ።

“ይሁን። አሁን ተረካቢ አምጪ። ንብረት ያለ ስም አያድርም።”

ዓርብ፣ ግንቦት 10

ማንም አልፈለገም። የሳምንቱን ጣጣዬን ሁሉም አይቷል። አንዱ፣ “እኔ ታንክ መንዳት አልችልም” ብሎ ሳቀብኝ። ሌላዋ፣ መስክ ልወጣ ነው አለች። ኃላፊያችን፣ “በፈቃደኝነት ነው፣ ማስገደድ አልችልም” አሉ። ማኅተም ያዥዋ 11 ሰዓት ትዘጋለች። ዘጠኝ ተኩል ሆነ። ቁጭ አልኩ።

አስቴር ተነሳች። “እኔ እረከባለሁ።”

እሷ ወደ ሶዶ ዝውውር ከጠየቀች ዓመት አልፏታል። እናቷ ታመዋል፤ በየሳምንቱ መጨረሻ ትመላለሳለች። “ዝውውርሽ ሲመጣ ይይዝሻል እኮ” አልኳት። “ሲመጣ አይደል?” አለችኝ።

አዲሱ ሞዴል ላይ ከቁጥሩ አጠገብ “ሁለቱ ስክሪኖች ለየብቻ ሲሠሩ” የሚል እንዲጨመርላት ጋሽ ላሚሶን ለመነቻቸው። “ቦታ የለውም፣ ልጄ” አሉ፤ እውነትም ሳጥኗ ጠባብ ናት። ያንኑ ቁጥር ጻፉ። አስቴር ፈረመች።

መልቀቂያዬ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ለጌቱ ስነግረው ሳቀ፣ ከዚያ ያለቀሰ መሰለኝ። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም። ለአስቴር የሚነካውንም የማይነካውንም ሁሉ በወረቀት ጽፌ ሰጥቻታለሁ፤ ገመዱን እንዳትነቅል፣ ድራይቨሩ የትኛው ፍላሽ ላይ እንዳለ።

እሷ ሂያጅ፣ እኔ ቀሪ ብንሆን እፈርምላት ነበር? ከሰዓት ጀምሮ ራሴን እየጠየቅኩ ነው። አልፈርምም ነበር። እሷም ይህን የምታውቅ ይመስለኛል።