ስለ ባለ መሳቢያው ካናቴራና በገዛ እጄ ስለጻፍኩት አንቀጽ ሰባት

ለተከበሩ የመሥሪያ ቤታችን ዋና ኃላፊ
ባሉበት፣ ማለትም ከእኔ ጠረጴዛ አንድ ግድግዳ አለፍ ብሎ

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ የተሟላ፣ የወገብ ሕመምዎ የተሻለ፣ በቅርቡ የገባልዎት አዲስ ወንበርም የተስማማዎት እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ በበኩሌ፣ ካለፈው ዓርብ ወዲህ እንቅልፍ እምቢ ከማለቱና ደረጃ ስወጣ ባልደረቦቼ ደረቴን ደረቴን ከማየታቸው በቀር፣ እጅግ ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በመግቢያው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት ደፋር ሆኜ እንዳይመስልዎት። ለእርስዎ የሚጻፍ አቤቱታ ሁሉ በደንቡ መሠረት መጀመሪያ ለደብዳቤ አርቃቂው ቀርቦ ቋንቋው ይታረማል፣ ተገቢ ካልሆነም ለባለቤቱ ይመለሳል፤ አርቃቂው ደግሞ እኔው በመሆኔ፣ አቤቱታዬን ለራሴ አቅርቤ፣ ራሴን አርሜ፣ ለራሴ እንዳልመልሰው ሰግቼ ነው።

ለማያውቁኝ የሰሌዳ አንባቢዎች ያህል፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከዚህ መሥሪያ ቤት የወጣ ደብዳቤ፣ የምስጋናው፣ የወቀሳው፣ የሐዘን መግለጫውም ሳይቀር፣ በእኔ እጅ ያለፈ ነው። ሠራተኛው ስሜን ትቶ «አንቀጽ» ይለኛል። ለብዙ ዓመታት ይህን እንደ ማዕረግ ቆጥሬ ደረቴን ነፍቼበት ኖሬያለሁ፤ ማሾፍ መሆኑን የነገረችኝ ባለቤቴ ናት፣ እሷም ባለፈው ዓመት ነው።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓርብ፣ ያለ ከረባት መምጣት በሚፈቀድበት ቀን፣ ልጄ የሠራችውን ካናቴራ ለብሼ ገባሁ። ልጄ ሃያ ሦስት ዓመቷ ሲሆን በአንድ ካናቴራ ማተሚያ ቤት ትሠራለች። ካናቴራው ጥቁር ነው። ደረቱ ላይ ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ ከረባቱን እስከ ጉሮሮው ያጠበቀ ሰው ጠረጴዛ ፊት ተቀምጧል። ሰውየው ፊት የለውም። ፊቱ መሆን በነበረበት ቦታ የተከፈተ መሳቢያ ብቻ አለ፤ ከመሳቢያው ውስጥ አራት ጣቶች ወጥተው ጠርዙን ጨብጠውታል። ጣቶቹ ለመውጣት ይታገሉ ወይም ከውስጥ ሆነው መሳቢያውን ሊዘጉት ይጎትቱ እንደሆነ አይታወቅም። ከሥሩም ከላዩም የተጻፈ ነገር የለም።

እንግዲህ ቅሬታዬን፣ ወይም ጨዋ በሆነው አጠራር ምስጋናዬን፣ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. ስለ መሥሪያ ቤቱ ሰላም መጠበቅ። በዕለቱ የበሩ ጥበቃ እንደ ወትሮው እጁን አንስቶ ሰላም ሊለኝ ሲል እጁ አየር ላይ ቀረ። ሾፌራችን ከእግር እስከ ራሴ ካየኝ በኋላ «ጋሼ፣ አይቆጡኝና፣ ይሄ ሰውዬ ቁርጥ እርስዎን ነው» አለኝ። በሦስት ሰዓቱ ስብሰባ ላይ የመዝገብ ቤት ኃላፊዋ «እየወጣ ነው እንጂ! ማን ተዘግቶ መቅረት ይወዳል?» ስትል፣ ሒሳብ ሹማችን ደግሞ በረጅሙ ተንፍሶ «እኔ ብሆን ዘግቼው ነው የምቀመጠው» አለ፤ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ፣ አጀንዳውም ለአርባ ደቂቃ ተረሳ። በዚህ ቤት ሰዎች አንድን ነገር እስከ መጨረሻው ሲያነቡና ሲከራከሩበት ሳይ የመጀመሪያዬ ነው፤ የእኔን ሰርኩላር እንኳን ከሁለተኛው መስመር ያለፈ የለም። ክቡርነትዎ ይህን አደገኛ የማንበብ ልማድ በጊዜ ስለቀጩልን ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

2. ስለ ማስጠንቀቂያው ደብዳቤ ጥራት። ከስብሰባው በኋላ ጸሐፊዎ እንደ ሁልጊዜው ብጣሽ ወረቀት አመጣችልኝ፤ «ተገቢ ያልሆነ ልብስ ለለበሰ ሠራተኛ ጠንከር ያለ ማስጠንቀቂያ ይዘጋጅ» ይላል። እኔም ካናቴራውን እንደ ለበስኩ ተቀምጬ፣ ይህ ግድየለሽ ሠራተኛ ማን ይሆን እያልኩ፣ ለቤተሰቡም እያዘንኩ አረቀቅኩት። እንደ ሥራችን ደንብ የስሙን ቦታ ባዶ ተውኩ፤ ስም የሚሞላው በእርስዎ ቢሮ ነውና። ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ስደርስ ብዕሬ እሳት ሆነ። «የምስሉን መልእክት በሁለት መስመር፣ በአምስት የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ እንዲገልጹ፤ እስከዚያ ልብሱ በዕቃ ግምጃ ቤት እንዲቆይ፤ ካልገለጹ መልእክት አልባ ንብረት ተብሎ እዚያው በቋሚነት እንዲቀመጥ» የሚለው የእኔው ፈጠራ ነው፣ እርስዎ ይህን ያህል እንኳ አልጠየቁም ነበር። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደብዳቤው ማኅተም ታትሞበት፣ ስሜ ተሞልቶበት ወደ ጠረጴዛዬ ተመለሰ። እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። ከዚያ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ በመጀመሪያ ያየሁት አንድ ነጠላ ሰረዝ መርሳቴን ነው።

ካናቴራዬን ለግምጃ ቤት አስረክቤ፣ ደረሰኝ ተቀብዬ፣ የበሩ ጥበቃ ባዋሰኝ የዝናብ ካፖርት፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ እስከ ጉሮሮዬ ቆልፌ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ሾፌሩ በመስኮት እያየኝ ነበር፤ አሁንስ ሰውዬውን መሰልኩ አልመሰልኩም የሚለውን ለእሱ ትቻለሁ።

3. ስለ አንቀጽ ሰባት። ማስጠንቀቂያው የተመሠረተበት የአለባበስ ደንብ አንቀጽ ሰባት «ምስል ያለበት ልብስ ግልጽ፣ አጭርና ለተመልካች በቀላሉ የሚገባ መልእክት ያለው መሆን ይኖርበታል» ይላል። ይህን ድንቅ አንቀጽ ከዘጠኝ ዓመት በፊት የጻፈው ማን እንደሆነ ለመገመት ብዙ መድከም አያሻም። ያኔ አንድ ወጣት መሐንዲስ ክንፍ ያለው ጫማ የተሳለበት ካናቴራ ለብሶ መጥቶ፣ ምን ማለት እንደሆነ ስጠይቀው «እንጃ፣ ደስ ይለኛል» አለኝ። «እንጃ» የሚል መልስ በፋይል ውስጥ የት እንደሚቀመጥ ስላላወቅሁ በሽታዬ ተነሳብኝ፤ በዚያው ሳምንት አንቀጹ ጸደቀ። ልጁ ካናቴራውን ገልብጦ፣ ስፌቱ በውጭ እየታየ ሲሠራ ዋለ፣ እኔም ሳቅሁበት። በወሩ ለቆ ሄደ። ዛሬ ይቅርታ ልጠይቀው ብፈልግ አድራሻው የለኝም፤ የእጄን አገኘሁ ከማለት ሌላ የምለው የለኝም።

አራተኛውን በቁጥር ማስቀመጥ አልቻልኩም፤ ስለዚህ እንዲሁ ይነበብልኝ።

ልጄ ትንሽ ሆና ትስል ነበር። ወረቀቷን ይዛ እየሮጠች ትመጣና ጉልበቴ ላይ ታስቀምጠዋለች። እኔም «ይሄ ምን ማለት ነው?» እላታለሁ። ትከሻዋን ስትነቀንቅ፣ ልረዳት ብዬ፣ በዚያ ሁሉም በሚያደንቀው የእጅ ጽሑፌ ከሥዕሉ ሥር መልእክቱን እጽፍላት ነበር። ሆዱ ውስጥ መብራት የበራበት ቤት ያለው ውሻ ስላ መጣች፤ «ውሻ ታማኝ የቤት እንስሳ ነው» ብዬ ጻፍኩ። በባሕር ላይ የሚንሳፈፉ ብዙ ወንበሮች ስላ መጣች፤ «ውኃን በቁጠባ እንጠቀም» ብዬ ጻፍኩ። ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት ማሳየቷን ተወች። መቼ እንደተወች እንኳ ያወቅሁት ቆይቼ ነው፤ ቤቱ ከወረቀት ጸዳ ብዬ ደስ ብሎኝም ነበር። አሥራ አራት ዓመት አንድ ሥዕል አላሳየችኝም።

ከሁለት ሳምንት በፊት ይህን ካናቴራ አጣጥፋ እጄ ላይ አስቀመጠችና «በልክህ ነው» ብቻ ብላኝ ሄደች። ዘርግቼ ሳየው ያቺ የድሮ ጥያቄዬ ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰች። ዋጥኳት። ለበስኩት። ክቡርነትዎ፣ በሕይወቴ በትክክል የሠራሁት ነገር ቢኖር እሱ ነው፤ እሱም አንድ ቀን ሳይሞላ ግምጃ ቤት ገባ።

ቅዳሜ ዕለት «አባዬ፣ ካናቴራው የታለ?» ስትለኝ «ላውንደሪ ሰጥቼዋለሁ» አልኳት። ካናቴራ ላውንደሪ የሚሰጥ ሰው በዓለም ላይ አለመኖሩን እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። እስከ ረቡዕ ድረስ ዓይኔን በጨው አጥቤ ከተመላለስኩ በኋላ ሆዴ አልቻለም፣ ሁሉንም ነገርኳት። የደንቡ ጸሐፊና የማስጠንቀቂያው አርቃቂ ማን እንደሆነ ስነግራት ሳቀች፤ እንዲያ ስትስቅ ካየኋት ቆይቻለሁ። ከዚያ ሳቋ ቆመና «መልእክቱን ጻፍክላቸው?» አለችኝ። «ገና ነኝ» አልኳት። «የጻፍክላቸው ቀን እንዳትነግረኝ፣ እሺ አባዬ?» አለች። ድምጿ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

መጻፉስ ለእኔ ምን ይከብዳል? እስከ ትናንት አሥራ አንድ ረቂቅ አዘጋጅቻለሁ፣ ሁሉም እንከን የለሽ ናቸው። «የመሥሪያ ቤት ምስጢር ይጠበቅ»፤ «ከሥራ ሲወጡ መሳቢያዎን መቆለፍዎን ያረጋግጡ»፤ «የመንግሥትን ንብረት በአግባቡ እንያዝ»። የሰው ኃይል ኃላፊያችን እንኳን አዝኖልኝ «ጋሼ፣ ስለ ሙስና ነው ይበሉና ይገላግሉን፣ ማን ይጠይቅዎታል?» ብሎኛል። ከእነዚህ አንዱን ብጽፍ ክቡርነትዎ በደቂቃ ውስጥ እንደሚፈርሙልኝ፣ ካናቴራዬም እንደሚለቀቅልኝ አልጠራጠርም። ነገር ግን አሥራ አንዱንም ደርድሬ ሳያቸው፣ ሁሉም ከዚያ ከውሻው ሥር የጻፍኩት ዓረፍተ ነገር ሆኑብኝ። ካናቴራውን አስፈትቼ መሳቢያውን በልጄ ላይ መልሼ ልዘጋ ነው።

ስለዚህ እውነቱን ልናገር። ያንን ሥዕል ሳየው እፈራለሁ። ልጄ በየማታው ከሥራ የሚመለሰውን ሰው እንዲህ አይታው ኖራ ይሆን እላለሁ፤ ደግሞ መለስ እልና ላይሆን ይችላል እላለሁ። ጣቶቹ አንዳንድ ጠዋት የሚወጡ ይመስሉኛል፣ ከሰዓት በኋላ ግን ብዙውን ጊዜ የሚዘጉ ናቸው። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ የለኝም፤ ያለኝም በሁለት መስመር አይገባም። ልጄ ሌላ ሥዕል እንድታሳየኝ እፈልጋለሁ፣ የምፈልገው ይህንን ብቻ ነው።

በዚህም መሠረት፣ የአምስቱ ቀን ገደብ ዛሬ የሚያበቃ በመሆኑ፣ የተሰጠኝን ቅጽ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ። ስም ተሞልቷል፣ ቀን ተሞልቷል፣ ፊርማም አለበት። «የምስሉ መልእክት» በሚለው ቦታ ምንም አልተጻፈም። የረሳሁት እንዳይመስልዎት፤ ሦስት ጊዜ ብዕሬን አንስቼ ሦስት ጊዜ መልሼዋለሁ። ካናቴራው በዚህ ምክንያት በግምጃ ቤት የሚቀር ከሆነ፣ ይቅር፤ ብቻ ከሥሩ ማንም ምንም እንዳይጽፍበት ከእግርዎ ሥር ወድቄ እለምናለሁ። ከጻፉበት የእጅ ጽሑፉ የእኔ አለመሆኑን ልጄ እንድታውቅልኝ ይደረግ።

ለዚህ ደብዳቤ መልስ መስጠት ካሻዎት፣ እንደተለመደው በብጣሽ ወረቀት ሐሳቡን ይላኩልኝና ለራሴ የሚገባኝን ያህል ጠንከር አድርጌ አረቅቅልዎታለሁ። ነጠላ ሰረዙን በዚህኛው አልረሳም።

ስለ ጊዜዎ፣ ስለ ትዕግሥትዎ፣ ስለ አንድ ግድግዳ ጉርብትናዎም ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እየገለጽኩ፣ ወገብዎ እንዲጸና፣ ወንበርዎ እንዳይነቃነቅ፣ መሳቢያዎም በፈለጉት ጊዜ እንዲከፈትልዎ የሚመኝ፣

የእርስዎና የደንቡ ታዛዥ፣
የደብዳቤ አርቃቂው፣ በቅጽል ስሙ አንቀጽ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ ለመለጠፍ ስወጣ የግምጃ ቤት ኃላፊዋ መዝገቧን ይዛ መንገድ ላይ አስቆመችኝ፤ ያልተሟላ ቅጽ ሲያጋጥማት ምግብ እንደማይበላላት ያውቃሉ። መዝገቡ እንደሚያሳየው፣ ካናቴራዬ ከሰኞ እስከ ሐሙስ በየቀኑ አንድ ጊዜ፣ በጠቅላላው አራት ጊዜ፣ በክቡርነትዎ ፊርማ ወጥቶ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተመልሷል። «የወጣበት ምክንያት» የሚለው ቦታ ግን አራቱም ላይ ባዶ ነው። ምን ብላ እንደምትሞላው ጠየቀችኝ፤ እኔም እንዳትነካው ነገርኳት፣ በዚህ ቤት ያነበብኩት ከሁሉ የተሻለ ጽሑፍ እሱ ነውና። ይሁን እንጂ ያለ በቂ ምክንያት ንብረት የሚያወጣ ሠራተኛ፣ ምክንያቱን በሁለት መስመር፣ በአምስት የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ እንዲገልጽ ደንቡ ያዛል፤ የጻፍኩት እኔ በመሆኔ ጠንቅቄ አውቀዋለሁ። የማስጠንቀቂያውን ረቂቅ ጨርሻለሁ። የስሙን ቦታ እንደ ልማዴ ባዶ ትቼዋለሁ።