ከጓያ የተለቀመ ገብስ

ሰቆጣ ዙሪያ፣ የካቲት 18 ቀን 1961 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለምንዋጋው ገበያው፣ አስመራ

ልጄ ምንዋጋው፣ ጤናህ እንዴት ነው? እኔ እናትህ አልጣሽ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ። ጾሙስ እንዴት ይዞሃል? በሰው አገር ሽሮውን ማን ይሠራልሃል? ይሄን የሚጽፍልህ ወንድምህ ተስፋው ነው። እኔ ባገውኛ እነግረዋለሁ፣ እሱ ባማርኛ ይጽፋል። ጽሕፈቱ ያምራል ይላሉ፤ ለኔ እንደሁ የጉንዳን ሰልፍ ነው።

ነጋዴው ደብሬ ማር ሸጦ ከዚያ ሲመለስ አገኘሁት አለኝ። «ወንድምህ ሊያገባ ነው፣ ና እንጂ» ቢልህ፣ «ስታዳላብኝ ከኖረች እንጀራ እናት ቤት ምን አለኝ?» አልከው አሉ። የደብሬ አፍ መቼ ያርፋል፣ ሰው በተሰበሰበበት ነገረኝ። እኔም «እሰይ! መቆጣት ከቻለ ደህና ነው ማለት ነው» ብዬ ሳቅሁ። ቤቴ ገብቼ ግን አለቀስኩ።

አዎ፣ አዳልቻለሁ። በዚያ በክፉው ዘመን፣ በሃምሳ ስምንት፣ ለተስፋው ሙሉ ቂጣ፣ ላንተ መዳፍ የማትሞላ ቁራሽ ሰጥቻለሁ። በዓይንህ ያየኸውን አልክድህም። «የወለድሽው ይበቃሻል» ብለኸኝ ወጣህ።

ተስፋው፣ ይሄን አትጻፍ። ያንተ ቂጣ ጓያ ነበር፣ የሱ ገብስ። ከአምደወርቅ ገበያ ያገኘነው እህል ጓያ የበዛበት ድብልቅ ነበር፤ በሰፌድ አድርጌ ገብሱን ፍሬ በፍሬ ለቀምኩት። ጓያ ሲዘወተር እግር እንደሚሰብር ማን ያጣዋል? ግን ገብሱ ላንድ ልጅ እንኳ አይበቃም። ወለተ ሰንበት፣ እናቱ፣ ልትሞት ስትል እጄን ይዛ «አልጣሽ፣ ልጄን አደራ» ብላኛለች። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ። ያኔ ብነግረው ቁራሹን ላንተ ያካፍል ነበር፣ አውቀዋለሁ። ምን ላድርግ ታዲያ? አንተም ልጄ ነህ እኮ... ኧረ መጻፍህን አቁም አልኩህ! ይሄን ከሰማ የወንድሜን እግር የበላሁት እኔ ነኝ ብሎ ጭራሹን ይቀራል። ተስፋው ደህና ነው በለው።

ተስፋው ደህና ነው።

ውሻው በጮኸ ቁጥር አንተ የመጣህ ይመስለኛል። ቂጣ ስጋግር ዛሬም ያንተን ቁራሽ ለብቻ አወጣለሁ፤ እጄ ለምዶ አልተው አለኝ። ናፍቀኸኛል ልጄ። ይሄን ሁለት ጊዜ ጻፈው። ናፍቀኸኛል።

ሠርጉ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ነው። ሙሽራዋ ውዴ ናት፣ ያቺ ሳቂታዋ የወለተ ጊዮርጊስ ልጅ። አባታችሁ ካረፈ ወዲህ የአባት ቦታው ያንተ ነው። ሽማግሎቹ «ማን ይቀመጥበታል?» ቢሉኝ «ልጄ ይመጣል» ብያቸዋለሁ። በአገር ፊት አታዋርደኝ። ብትቆጣኝም መጥተህ ተቆጣኝ፤ ከሩቅ ሲሆን አይሰማኝም።

የውቅር መስቀለ ክርስቶስ አምላክ ከክፉ ይሰውርህ። የወጣህበትን መንገድ መመለሻ ያድርግልህ። እጅህ የነካው ይባረክ።

እናትህ አልጣሽ፣ ጣቴን ቀለም ውስጥ ነክሬ አትሜያለሁ።

ወንድሜ ምንዋጋው፣ ከዚህ በታች ያለው የኔ የተስፋው ነው። እማዬ ማንበብ ስለማትችል፣ አትጻፍ ያለችኝንም ሁሉ ጽፌዋለሁ። «ደህና ነው» ያለችው ግን የሷ ቃል ነው። አንተ በሄድክበት ክረምት ጉልበቴ ተሳሰረ፤ አሁን የምሄደው በሁለት ዱላ ነው። ቂም አልነበረኝም አልልህም፤ ነበረኝ፣ በሷም ባንተም። ግን ያንተን ቁራሽ ለብቻ ስታወጣ እያየሁ ቂሙን እስከ መቼ ልያዘው? ምሽት ላይ ሳትበላው ለውሻው ትሰጠዋለች።

ወደ ውዴ ቤት የሚያወጣውን ዳገት አትረሳውም። አንዱን ዱላ እቤት ልተወውና ባንተ ትከሻ ልውጣው።